ነቀዙ ከውስጥ ነው
ኤድስ በሰውነታችን ኅብረ ሕዋስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

መግቢያ

ጎተራ ያለው ሰው ነቀዝን ያውቃል። በቆሎው ጎተራ ከገባ ጥቂት ጊዜ በኋላ ዘግነን ብናየው ፍሬው ሙሉ ነው። ቀለሙም አልተለወጠም። አንዷን ፍሬ ሰበር ብናደርጋት ግን ውስጧ ዱቄት ብቻ ሆኖ እናገኘዋለን። ነቀዙ ሥራውን የጀመረው ባለቤቱ ሳያውቅ ነው። ባለቤቱ የሚያውቀው ዱቄቱ ከጎተራው ሥር መፍሰስ ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ብዙው እህል ተበልቷል።

የኤድስ በሽታም እንዲሁ ነው። ኤች አይ ቪ የተባለው ቫይረስ ወደ ሰው ገላ ከገባ በኋላ፣ ሕክምና ካልተደረገ፣ ሰውየው ሳይተኛና ሳይከሳ ብዙ ዓመት ሊቆይ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ስምንትና አሥር ዓመት ያህል ይፈጃል። በነዚያ ዓመታት ውስጥ ሰውየው ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ገበያ ይወጣል። "ደህና ነኝ" ይላል። ውስጡ ግን እየተበላ ነው።

ይህን በዓይናችን ማየት አንችልም። በማይክሮስኮፕ ግን ይታያል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ሐኪሞች በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ ምን እንደሚያዩ እንማራለን። የምንማረውም ለወሬ አይደለም። "ደህና ነኝ" እያለ ሳይመረመር የሚቀረውን፣ ወይም "ተሽሎኛል" ብሎ መድኃኒቱን የሚያቋርጠውን ወገናችንን ከጥፋት ለማዳን ነው።

1. ሰውነታችን ከምን እንደ ተሠራ

ቤት ከድንጋይና ከእንጨት ይሠራል። ሰውነታችን ደግሞ ሕዋስ ከሚባሉ እጅግ ደቃቅ ነገሮች ተሠርቷል። አንድ ሕዋስ ብቻውን በዓይን አይታይም። ለምሳሌ አንድ ቀይ የደም ሕዋስ ወርዱ የአንድ ሚሊ ሜትር ሺህኛ ሰባት እጅ ያህል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በማስመሪያ ላይ የምናያት የመጨረሻዋ ትንሽ ክፍል ናት። በዚያች ክፍል ውስጥ ቀይ የደም ሕዋሳት ጎን ለጎን ቢሰለፉ ከ140 የማያንሱ ይገባሉ።

አንድ ዓይነት ሥራ ያላቸው ሕዋሳት ተሰባስበው ሲገኙ ኅብረ ሕዋስ ይባላሉ። ክር ከክር ጋር ተሸምኖ ጋቢ እንደሚሆን ሁሉ፣ ሕዋስም ከሕዋስ ጋር ተያይዞ ቆዳ፣ ሳንባ፣ አንጀት፣ አንጎል ይሆናል። ጋቢ ሲያረጅ ክሩ ይሳሳል፣ ይበጠሳል። ኅብረ ሕዋስም ሲታመም መልኩ ይለወጣል። ይህን ለውጥ የሚያጠና ሐኪም ፓቶሎጂስት ይባላል።

2. ቁራጭ ሥጋ እንዴት ይመረመራል?

አንድ አርሶ አደር አንገታቸው ሥር እብጠት ወጣባቸው እንበል። እብጠቱ አያምም። ግን ሦስት ወር ቢቆይም አልጠፋም። በብብታቸውም ሌላ ወጣ። ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ተላኩ። ሐኪሙ ከእብጠቱ ትንሽ ቁራጭ መውሰድ እንደሚያስፈልግ ነገራቸው። አርሶ አደሩም ላቦራቶሪ የምትሠራውን ወጣት እንዲህ ሲሉ ጠየቋት፦

"ልጄ፣ ቁራጯን ወስዳችሁ ምን ታደርጉባታላችሁ?"

"አባቴ፣ መጀመሪያ እንዳትበሰብስ ፎርማሊን የሚባል ፈሳሽ ውስጥ እናኖራታለን። ከዚያ ውኃዋን አስወጥተን ሰም እናጠጣታለን።"

"ሰም? የጧፉን ዓይነት?"

"እንደዚያ ያለ ነው። ሰሙ ሲረጋ ቁራጯ ትጠነክራለች። ከዚያም በጣም ስለታም በሆነ መሣሪያ እጅግ ስስ አድርገን እንቆርጣታለን። አንዷ ቁራጭ ከራስ ፀጉር ውፍረት አሥር እጅ በላይ ትሳሳለች።"

"ታዲያ እንዲህ ከሳሳች ምኗ ይታያል?"

"ስለዚህ ነው ቀለም የምንነክራት። እማማ ለስፌት አለላውን ቀለም ይነክሩት የለም? እኛም እንዲሁ ነን። የሕዋሱ እምብርት ሰማያዊ፣ የቀረው አካሉ ደግሞ ሮዝ እንዲሆን በሁለት ቀለም እንነክራለን። ያን ጊዜ ሁሉም ይለያል።"

ወጣቷ የተናገረችው ትክክል ነው። ሰማያዊው ቀለም ሄማቶክሲሊን ይባላል፤ ከአንድ የመካከለኛው አሜሪካ ዛፍ እንጨት ውስጥ የሚገኝ ነው። ሮዙ ኢዮሲን ይባላል። በነዚህ ሁለት ቀለሞች የተነከረ ቁራጭ በመስታወት ላይ ተለጥፎ በማይክሮስኮፕ ሥር ይታያል። ተራው ማይክሮስኮፕ አንድን ነገር እስከ አንድ ሺህ ጊዜ አጉልቶ ያሳያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንወቅ። ኤች አይ ቪ ራሱ በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም። በጣም ትንሽ ነው። በአንዲት ሚሊ ሜትር ላይ ከስምንት ሺህ እስከ አሥር ሺህ የሚሆኑ ቫይረሶች ጎን ለጎን ሊሰለፉ ይችላሉ። እሱን ለማየት ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚባል ትልቅ መሣሪያ ያስፈልጋል። በተራው ማይክሮስኮፕ የሚታየው ቫይረሱ ያደረሰው ጉዳት ነው። ጅቡን ባናየውም ዱካውንና የሰበረውን አጥንት እናያለን ማለት ነው።

3. ቫይረሱ የሚያጠቃው ማንን ነው?

በደማችን ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳት አሉ። እነዚህ የሰውነታችን ጠባቂዎች ናቸው። ከነሱ መካከል ሲ ዲ ፎር የሚባሉት እንደ ጎበዝ አለቃ ናቸው። ጠላት ሲመጣ ሌሎቹን ጠባቂዎች ይጠራሉ፣ ያሰልፋሉ፣ የት እንደሚመቱ ያሳያሉ።

ኤች አይ ቪ የሚገባው በእነዚህ አለቆች ውስጥ ነው። ሌባ ከብቱን ሊሰርቅ ሲመጣ መጀመሪያ ውሻውን እንደሚገድል፣ ይህም ቫይረስ መጀመሪያ ጠባቂዎቹን ይመታል። በሲ ዲ ፎር ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ራሱን ያራባል፤ የተራባውም ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል። ሕዋሱም ይሞታል።

በጤነኛ ትልቅ ሰው ደም፣ በአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ውስጥ፣ ከ500 እስከ 1,500 የሚሆኑ ሲ ዲ ፎር ሕዋሳት ይገኛሉ። ቁጥራቸው ከ200 በታች ሲወርድ ሰውየው ኤድስ ደረጃ ላይ ደርሷል ይባላል። ስለዚህ ኤች አይ ቪ እና ኤድስ አንድ አይደሉም። ኤች አይ ቪ ቫይረሱ ነው። ኤድስ ደግሞ ጠባቂዎቹ ካለቁ በኋላ የሚመጣው የበሽታ ደረጃ ነው። ቫይረሱ ያለበት ሰው በጊዜው ከታከመ ኤድስ ደረጃ ላይ ሳይደርስ ዕድሜውን ሊኖር ይችላል።

4. በንፍፊት ውስጥ የሚታየው ለውጥ

በአንገታችን፣ በብብታችን፣ በጉያችን ባቄላ የሚያህሉ ዕጢዎች አሉ። እግራችን ሲቆስል ጉያችን ውስጥ የሚያብጠው ንፍፊት ከነዚህ አንዱ ነው። ዕጢዎቹ የጠባቂዎቹ ሰፈሮች ናቸው። ጠላት ሲገባ ጠባቂዎቹ እዚያ ይሰበሰባሉ፣ ይመክራሉ፣ ይራባሉ።

ኤች አይ ቪ በገባበት ሰው ዕጢ ውስጥ ሐኪሞች ሦስት ደረጃዎችን ያያሉ።

ሀ/ የመጀመሪያው ደረጃ። ዕጢው ያብጣል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጠባቂዎቹ የሚራቡባቸው ክብ ክብ ቦታዎች ከልክ በላይ ሰፍተውና ቅርጻቸውን ለውጠው ይገኛሉ። ሰፈሩ በግርግር ላይ ነው። ጠባቂዎቹ እየተራቡ፣ እየተዋጉ፣ እየሞቱም ነው። ሰውየው ግን ከእብጠቱ በስተቀር ሕመም ላይሰማው ይችላል።

ለ/ ሁለተኛው ደረጃ። በክቦቹ ውስጥ እንደ መረብ የተዘረጉ ሕዋሳት አሉ። ሥራቸው ጠላትን ይዞ ለጠባቂዎቹ ማሳየት ነው። ቫይረሱም በዚህ መረብ ላይ ተይዞ ይከማቻል። ውሎ አድሮ መረቡ ይበጣጠሳል። ክቦቹም ይፈርሳሉ።

ሐ/ ሦስተኛው ደረጃ። ዕጢው ይኮማተራል። ጠባቂዎቹ አልቀዋል። በቦታቸው ጠባሳ ይገባል። ነዋሪው ጥሎት የሄደ መንደር ይመስላል፤ ምድጃው አለ፣ ሰው ግን የለም።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። በሦስተኛው ደረጃ እብጠቱ ስለሚጎድል ሰውየው "እብጠቱ ጠፋልኝ፤ ዳንሁ" ሊል ይችላል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። እብጠቱ የጠፋው ውጊያው በድል ስላበቃ ሳይሆን የሚዋጋ ስለ ታጣ ነው።

ቫይረሱም መጀመሪያ የተገኘው ከእንዲህ ያለ ዕጢ ነው። የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣኖች ስለ በሽታው የመጀመሪያውን መግለጫ ያወጡት ግንቦት 28 ቀን 1973 ዓ.ም. ነበር። በሎስ አንጀለስ ከተማ አምስት ወጣት ወንዶች ባልተለመደ የሳንባ ምች ታመው መገኘታቸውን ገለጹ። ምክንያቱን ግን ያወቀ አልነበረም። በ1975 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር፣ በፓሪስ ከተማ፣ በፓስተር ኢንስቲቱት የሚሠሩት ፍራንሷዝ ባሬ ሲኑሲና ሉክ ሞንታኜ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ምርምር ጀመሩ። በጠና ከታመመ ሰው ቁራጭ አልወሰዱም። ምክንያቱም በእርሱ ዕጢ ውስጥ ሕዋሳቱ አልቀዋል፤ ቫይረሱን ለማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ገና በጠና ካልታመመ፣ አንገቱ ግን ካበጠበት ሰው ወሰዱ። ከዚያች ቁራጭ ቫይረሱን አገኙት። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕም ከሕዋሱ ላይ እንደ ቡቃያ ብቅ ሲል አዩት። ለዚህም ሥራቸው ሁለቱ በ2001 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

በአገራችን ቫይረሱ መኖሩ የታወቀው በ1976 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት ደግሞ በ1978 ዓ.ም. ነው።

ሆኖም ንፍፊት ያበጠበት ሰው ሁሉ ኤች አይ ቪ አለበት ማለት አይደለም። የእግር ቁስል፣ የጥርስ በሽታ፣ የዕጢ ቲቢ እና ሌሎችም ዕጢን ያሳብጣሉ። ፓቶሎጂስቱም ቁራጩን አይቶ "ይጠረጠራል" ሊል ይችላል እንጂ ኤች አይ ቪ መሆኑን በዚህ ብቻ አያረጋግጥም። የሚያረጋግጠው የደም ምርመራ ነው። ስለዚህ ጎረቤታችንን በእብጠቱ ልናማው አይገባም። ሁለት ሦስት ሳምንት የቆየ እብጠት ያለበት ሰው ግን ሳይውል ሳያድር ይመርመር።

5. በአንጀት ውስጥ የሚታየው ለውጥ

ከጠባቂዎቹ የሚበዙት የሚኖሩት በደም ውስጥ ይመስለን ይሆናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ምግብና ውኃ በየቀኑ ጀርም ይዞ የሚገባው በአንጀት ስለሆነ እጅግ ብዙ ጠባቂዎች በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ሰፍረዋል። ቫይረሱ ከገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ብዙዎቹ የአንጀት ጠባቂዎች ይሞታሉ። ደም ሲመረመር ቁጥሩ ገና ደህና በሚመስልበት ጊዜ የአንጀቱ ሰፈር ተራቁቷል።

የአንጀት የውስጥ ግድግዳ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በጣት መሳይ ነገሮች የተሞላ ነው። እንደ በርኖስ ፀጉር ቀጥ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ሥራቸው የምግቡን ጥቅም መምጠጥ ነው። በሽታው ሲጠና ጣቶቹ ያጥራሉ፣ ይደነዝዛሉ። ያን ጊዜ ሰውየው ቢበላም ምግቡ አይጠቅመውም። ተቅማጡ አይቆምም። ገላው ይከሳል። የአንጀቱ ግድግዳም እንደ ተቀደደ አጥር ይሆንና የጀርም ፍርፋሪ ወደ ደም ያስገባል። ይህም ሰውነቱን ያለ ዕረፍት ያቆጣዋል።

ስለዚህ ውኃን አፍልቶ መጠጣት፣ እጅን በሳሙና መታጠብና በመጸዳጃ ቤት መጠቀም ለሁሉም ሰው የሚጠቅም ቢሆንም፣ ቫይረሱ ላለበት ሰው ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ነው።

6. በሳንባ ውስጥ የሚታየው ለውጥ

ሳንባ ማለት ደቃቅ የአየር ከረጢቶች የተሞሉበት አካል ነው። ጤነኛው ሳንባ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የንብ እንጀራ ይመስላል፤ ክፍሎቹ ባዶ ናቸው፣ አየር ይመላለስባቸዋል። ኤድስ በጠናበት ሰው ግን ሁለት ነገሮች በብዛት ይታያሉ።

ሀ/ የኒሞሲስቲስ የሳንባ ምች። ይህን የሚያመጣው የሻጋታ ወገን የሆነ ጀርም ነው። ጠባቂዎቹ ደህና ከሆኑ ሰውን አይጎዳም። ሲያልቁ ግን ይራባል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የአየር ከረጢቶቹ ሮዝ በሆነ አረፋ ተሞልተዋል። የንብ እንጀራው በማር ፋንታ የሳሙና አረፋ እንደ ገባበት ማለት ነው። አየር መግቢያ ያጣል። ሰውየው ደረቅ ሳል ያስለዋል፤ ጥቂት ሲራመድ ያለከልካል። ይህን ምች ኮትሪሞክሳዞል የሚባል ርካሽ ኪኒን ይከላከለዋል። ሐኪም ይህን ኪኒን ያዘዘለት ሰው ሊንቀው አይገባም።

ለ/ ቲቢ ወይም የሳንባ ነቀርሳ። የቲቢን ጀርም በ1874 ዓ.ም. ያገኘው ሮበርት ኮክ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። ቲቢ በጤነኛ ሰው ሳንባ ውስጥ ሲገባ ጠባቂዎቹ ዙሪያውን ከበው የካብ አጥር ይሠሩበታል። በማይክሮስኮፕ ይህ አጥር ክብ ሆኖ ይታያል። ጀርሙም በውስጡ ታስሮ ዕድሜ ልክ ሊቀመጥ ይችላል። አጥሩን የሚያሠሩት አለቆች እነዚያ ሲ ዲ ፎር ሕዋሳት ናቸው። እነሱ ሲያልቁ ካቡ ይናዳል። የታሰረው ጀርም ይፈታል። ከሳንባም አልፎ ወደ ዕጢ፣ ወደ አንጎል ሽፋን፣ ወደ ጉበት ይዛመታል። በቀለም ሲነከር ቀይ ዘንግ የሚመስሉ ጀርሞች በሰማያዊ መስክ ላይ በብዛት ተበትነው ይታያሉ።

እዚህ ላይ አንድ አሳሳች ነገር አለ። ኤድስ በጠናበት ሰው ሳንባ ብዙ ጊዜ አይቦረቦርም። ስለዚህ ጀርሙ በአክታው ውስጥ በብዛት ላይወጣ ይችላል። አክታው በማይክሮስኮፕ ታይቶ "የለም" ቢባልም ቲቢ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ሳሉ፣ ትኩሳቱና የሌሊት ላቡ ካልቆመ ተመልሶ መሄድና ሌላ ምርመራ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዛሬ የጀርሙን ዘር ለይቶ የሚያወጣ ጂን ኤክስፐርት የሚባል መሣሪያ አለ።

7. በቆዳ፣ በአንጎልና በማኅፀን በር የሚታየው ለውጥ

ሀ/ ቆዳ። በአንዳንድ ሕሙማን ቆዳ ላይ ወይም በአፋቸው ውስጥ ወይን ጠጅ መልክ ያለው እብጠት ይወጣል። ካፖሲ ሳርኮማ ይባላል፤ የነቀርሳ ዓይነት ነው። ቁራጩ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሕዋሳቱ መካከላቸው ወፍሮ ጫፋቸው ሾጥጦ እንዝርት ይመስላሉ። በመካከላቸው ባሉት ስንጥቆች ውስጥ ደም ይታያል። መልኩ የጠቆረው ለዚህ ነው። ይህን ነቀርሳ የሚያመጣው ሌላ ቫይረስ መሆኑ በ1987 ዓ.ም. ታውቋል። ኤች አይ ቪ በሩን ይከፍትለታል እንጂ እሱ ራሱ አያመጣውም።

ለ/ አንጎል። ክሪፕቶኮከስ የተባለ የእርሾ ዘመድ የሆነ ጀርም የአንጎልን ሽፋን ያጠቃል። ሕመምተኛው ለሳምንታት ራሱን ያመዋል፤ ያስመልሰዋል። ሐኪሙ ከጀርባው ፈሳሽ በመርፌ ይወስዳል። ላቦራቶሪው አንዲቱን ጠብታ ከጥቁር ቀለም ጋር ያደባልቃል። ያን ጊዜ ቀለሙ ሁሉን ሲያጠቁር ጀርሙ ብቻ በዙሪያው ነጭ ክብ ይዞ ጎልቶ ይታያል፤ ዙሪያዋን ብርሃን እንደ ከበባት ጨረቃ። ከጀርባ ፈሳሽ መውሰድ ሰውን ሽባ ያደርጋል የሚባለው ወሬ ብዙ ሰው አስፈርቷል። ያልታወቀ የአንጎል ሽፋን በሽታ ግን ይገድላል።

ሐ/ የማኅፀን በር። ኤች አይ ቪ ያለባት ሴት ከሌላዋ ሴት ይልቅ በማኅፀን በር ነቀርሳ የመያዝ ዕድሏ ስድስት እጥፍ ነው። ነቀርሳው ከመምጣቱ በፊት ሕዋሳቱ ቀስ በቀስ መልካቸውን ይለውጣሉ። ይህን ለማየት ሁልጊዜ ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። ነርሷ አቼቶ የመሰለ ፈሳሽ ስትቀባው የተለወጠው ቦታ ነጭ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ከታከመ ነቀርሳ አይሆንም። እናቶችና እኅቶች ይህን ምርመራ አፍረው ሊተዉት አይገባም።

8. መድኃኒቱ ምን ይሠራል?

በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው ጊዜ የሲ ዲ ፎር ቁጥር እስኪወርድ ይጠበቅ ነበር። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ የዓለም ጤና ድርጅት ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ ቁጥሩ ሳይጠበቅ መድኃኒት ይጀምር ሲል መከረ። ምክንያቱም ከላይ የተማርነው ነው፤ ቁጥሩ እስኪወርድ ሲጠበቅ ሰፈሩ ይፈርሳል።

መድኃኒቱ ቫይረሱ እንዳይራባ ያግደዋል። የሚራባ ከሌለ ጠባቂዎቹ እንደገና ይበዛሉ። መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ ቫይረሱ በደም ምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ ይደርሳል። በዚህ ደረጃ ላይ ጸንቶ የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ሌላ አያስተላልፍም። ካልታከመች እናት ቫይረሱ ከመቶ ሕፃናት ከ15 እስከ 45 ለሚሆኑት ይተላለፋል። እናትየዋ ከታከመችና ክትትል ካላቋረጠች ግን ቁጥሩን ከአምስት በታች ማውረድ ይቻላል።

ታዲያ ኅብረ ሕዋሱስ ይድናል ወይ? በከፊል ይድናል። ዕጢዎቹ እንደገና በጠባቂ ይሞላሉ። ዘግይቶ በጀመረ ሰው ላይ ግን የገባው ጠባሳ ሁሉ አይጠፋም። የአንጀቱም ሰፈር ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ማሳን ጎርፍ ከወሰደው በኋላ እርከን ብንሠራ የቀረውን አፈር እናድናለን፤ የሄደውን ግን ቶሎ አንመልሰውም። እርከኑ የሚጠቅመው ጎርፉ ሳይመጣ ሲሠራ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ቫይረሱ በዕጢና በአንጀት ውስጥ ባሉ አንዳንድ ሕዋሳት ውስጥ ተኝቶ ይደበቃል። የተኛውን መድኃኒቱ አይገድለውም፤ በደም ምርመራም አይታይም። ሰውየው "ከደሜ ጠፍቷል" ብሎ መድኃኒቱን ቢያቋርጥ የተኛው ይነቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ደሙን እንደገና ይሞላዋል። እሳት በአመድ ተዳፍኖ ሲያድር ጠፍቷል አይባልም። ጠዋት ገለጥ አድርገው ጭራሮ ሲጨምሩበት ይነዳል። ስለዚህ መድኃኒቱ በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ ይወሰዳል። ጸበል የሚጠመቅም ሆነ ዱዓ የሚያስደርግ ሰው መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ አለበት።

9. እንግዲህ ምን እናድርግ?

1ኛ/ ሳንታመም እንመርመር። ውጭው ደህና ሆኖ ውስጡ ሊበላ እንደሚችል ተምረናል።

2ኛ/ ቫይረሱ ከተገኘብን በዚያው ሰሞን መድኃኒት እንጀምር። "እስክታመም" አንበል።

3ኛ/ የጀመርነውን አናቋርጥ። ለአዝመራ ወይም ለሠርግ ስንሄድ ኪኒኑን ይዘን እንሂድ።

4ኛ/ የማይጠፋ እብጠት፣ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ የማይቆም ተቅማጥ፣ የማይተው ራስ ምታት ሲኖር ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። ሐኪሙ ቁራጭ ወይም ፈሳሽ ልውሰድ ሲል ምክንያቱን እንጠይቅ፤ ሲያስረዳን እንፍቀድ።

5ኛ/ ሕመምተኛውን አናግልለው። በማይክሮስኮፕ ያየነው ሁሉ የሚሆነው በሰውየው ገላ ውስጥ ነው። ቫይረሱ በመጨባበጥ፣ በአንድ ገበታ በመብላት፣ በአንድ ዋንጫ በመጠጣት አይተላለፍም። የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በደም፣ ሌላ ሰው በተጠቀመበት ስለት ወይም መርፌ፣ እንዲሁም ከእናት ወደ ልጅ ነው።

የነቀዙ ጎተራ ባለቤት ዱቄቱ መፍሰሱን ሳይጠብቅ እህሉን ቢያየው ኖሮ ይድንለት ነበር። እህል ካለቀ በሚቀጥለው ዓመት ይዘራል። ሰው ግን ድጋሚ አይዘራም።

ጥያቄዎች

1. ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው "ደህና ነኝ" ሲል ውስጡ ግን ሊጎዳ የሚችለው እንዴት ነው?
2. የዕጢው እብጠት ሲጎድል ሁልጊዜ የመዳን ምልክት የማይሆነው ለምንድን ነው?
3. የፓሪስ ተመራማሪዎች በጠና ካልታመመ ሰው ቁራጭ የወሰዱት ለምንድን ነው?
4. አክታው ታይቶ "ቲቢ የለም" የተባለ ሰው ሳሉ ካልቆመ ምን ማድረግ አለበት?
5. ቫይረሱ በደም ምርመራ የማይታይ ከሆነ መድኃኒቱ የማይቋረጠው ለምንድን ነው? በቡድን ሆናችሁ ተወያዩበት።

የቃላት ፍች

ሕዋስ፦ ሰውነታችን የተሠራበት ደቃቅ ነገር።
ኅብረ ሕዋስ፦ አንድ ዓይነት ሥራ ያላቸው ሕዋሳት ስብስብ።
ፓቶሎጂስት፦ በበሽታ የተለወጠ ኅብረ ሕዋስን የሚመረምር ሐኪም።
ማይክሮስኮፕ፦ በዓይን የማይታየውን አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ።
ሲ ዲ ፎር፦ ሌሎቹን የሰውነት ጠባቂዎች የሚያሰልፍ ነጭ የደም ሕዋስ።